የቀድሞው አድራሻ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ከጅማ የማወራችሁ የማንጠቀምበትን የድረ ገጽ ስም ገንዘብ እየከፈልሁ የማሳድስበትን ምክንያት ነው።

ታላቅ እህቴ እዚህ ከተማ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላት። የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ያኔ የመረጥነው ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ ረጅምና በሁለት ሰረዝ የተከፋፈለ ስለነበረ በስልክ ለሰው ማስያዝ እጅግ ያስቸግር ነበር፤ በኋላ አጭር ስም ገዝተን ገጹን በሙሉ ወደዚያ አዛወርን። የቀድሞውን ምን እናድርገው ብዬ የጠየቅሁት ባለሙያ «ተዉት፣ ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይዘጋል» አለኝ፤ እኔም አምኜ ተውሁት።

ጊዜው ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ እህቴ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ሰዎች ቤቱ ተዘግቷል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል» አለችኝ። በዚያው ምሽት የቀድሞውን ስም እየፈለግሁ ያገኘሁትን ሁሉ በደብተር መዘገብሁ። በጂረን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሊጎበኙ ለሚመጡ ሰዎች የተዘጋጁ የማረፊያ ዝርዝሮች፣ የጉዞ ማውጫዎች፣ ባለቤታቸው የማይታወቅ የአድራሻ ስብስቦች፣ በድምሩ 23 ቦታ ላይ ተጽፈናል፤ ሁሉም የሚመሩት ወደ ጠፋው አድራሻ ነበር። ለሁሉም ጻፍሁ። ስድስቱ አስተካከሉልን፣ ለአራቱ የላክሁት ኢሜይል ሳይደርስ ተመለሰ፣ ከቀሩት እስከ ዛሬ መልስ የለም።

የዝምታውን ምክንያት የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ማውጫ ማለት ሰው አንብቦ፣ መርምሮ፣ በየዘርፉ የጻፈው መዝገብ ነው። ያሁ በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ማውጫ በ2014 መጨረሻ ዘጋው፤ በ1998 ተጀምሮ በበጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች ሲሞላ የኖረው ዲሞዝ የተባለው ማውጫም በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የዲሞዝን ዝርዝር ማንም እንዲገለብጠው ተፈቅዶ ስለነበር ቅጂዎቹ በየቦታው ተበትነዋል፤ አዘጋጆቹ ግን ከቅጂው ጋር አልተጓዙም። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ የሰፈረን አድራሻ የሚያርም ሰው የለም። በእኛ እጅ ያለው ብቸኛ መፍትሔ መዝገቡ የሚጠቁመውን ቦታ ሕያው አድርጎ ማቆየት ነው።

ስሙን ለማስመለስ በጣም ተጣድፌአለሁ። በዶት ኮም የሚያልቅ ዶሜይን ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ ባለቤቱ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለው፤ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። ያስፈራኝ ይኸው የመጨረሻው ነበር። የማያውቀን ሰው ገዝቶ የቁማር ገጽ ቢያቆምበት፣ 23ቱ መዝገቦች የእህቴን ቤት ስም ይዘው እንግዶቻችንን ወደዚያ ይመሩ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀኑ ሳያልቅ ደረስሁ።

ማዞሩንም፣ ማለትም የቀድሞውን አድራሻ የከፈተ ሰው በራሱ ወደ አዲሱ እንዲሻገር ማድረጉን፣ መጀመሪያ አሳስቼ ነበር የሠራሁት። ለጊዜው ማዛወርን የሚገልጸውን 302 የተባለ ኮድ አስገባሁ፤ ቦታው ለዘለቄታው እንደተቀየረ የሚናገረው 301 ነው፣ ጎግልም የቀድሞው ገጽ ያካበተውን ክብደት ወደ አዲሱ የሚያሻግረው በዋናነት በዚህ ምልክት ነው። ሁሉንም ገጽ ወደ መግቢያው ገጽ መጠቅለሌም ስሕተት ነበር፤ ስለ ክፍሎቹ ሊያነብ የመጣ ሰው ወደ ክፍሎቹ ገጽ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ የሚያመጣውን መንገድ የሚፈልግም ወደ መንገዱ ገጽ መድረስ አለበት። አንድ በአንድ አዛመድኋቸው።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ በእህቴ ስልክ ስከፍተው ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ብራውዘሩ «ወደዚያ ሂድ» የሚለውን መልእክት ከመቀበሉ በፊት የአሮጌውን ስም የደኅንነት ሰርተፊኬት ይመረምራል፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። ኢሜይሉም ለብቻው ሥራ ጠይቋል፤ የገጽ ማዞር ደብዳቤን አያሻግርምና።

ጎግል እንዲህ ያለው ማዞር ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለፍለጋ ይበቃ ይሆናል፤ ለማውጫ ግን በፍጹም አይበቃም። የድሮ ስም ቶሎ አይሞትም፤ ሂርማታ የሚለው የጅማ የድሮ ገበያ ስም ከገበያው አልፎ ዛሬም የቀበሌ ስም ሆኖ ይጠራል፤ በዚያ ስም የሚጠይቅን መንገደኛ የጅማ ሰው አያሳፍረውም፣ መንገዱን ያሳየዋል።

ባለፈው ወር ከሌላ አገር የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት የታተመ ወረቀት ይዘው በሩን አንኳኩ። ከላይ የተጻፈው ባለ ሁለት ሰረዙ አድራሻ ነበር። እህቴ ቡና አፍልታ ካስተናገደቻቸው በኋላ ወረቀቱን ለምና ተቀብላ ለእኔ አስቀመጠችልኝ። በዚህ ሳምንት ዶሜይኑን እስከሚፈቀደው ጣሪያ፣ እስከ 10 ዓመት አሳደስሁት፤ የማስታወሻው መልእክትም ለሁለታችን እንዲደርስ የእሷን አድራሻ አስገባሁ።