ሌሊት ሳያድር «ተረጋግቷል» አትበሉኝ

በኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ መንገድ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀላቀላችሁን ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዝግጅት ኮሚቴው «በቤት ኮምፒውተር ላይ የተረጋጋ ኦቨርክሎክ እንዴት ይገኛል» በሚል ርእስ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ስለ ማስሮጥ እንድናገር ሲጋብዘኝ ሳላመነታ እሺ ብያለሁ። ከኋላችሁ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተርም ለዚሁ ጉዳይ የመጣ ነው። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የፈተና ፕሮግራም አስጀምሬበት፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ አዳራሹን አስቆልፌ ሄድኩ። ውጤቱን እኔም ገና አላየሁትም። ንግግሬ ሲያልቅ አብረን እናየዋለን።

ከፊት የተቀመጣችሁት ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ። አምስት ሆነን በጓደኛችን ሳሎን ስንሰበሰብ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍተን የቤት ማራገቢያ እናስጠጋበት ነበር። እናቱ ቡና እያፈሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ልታቃጥሉ ነው?» ይሉናል። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ ፕሮሰሰር ከ300 ሜጋኸርዝ ወደ 450 መውጣቱን እንደ ጀግና ታሪክ እንተርከው ነበር። ከሁሉ በላይ የምንወዳት ግን አንዲት ቃል ነበረችን፤ «ተረጋግቷል» የምትል፤ በተጨመረው ፍጥነት ሳይሳሳት ይሠራል ለማለት። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ «ተረጋግቷል» ይላል፣ ሌሎቻችን እንቀናለን። ያቺ ቃል እስካሁን በመካከላችን አለች። ዛሬ የመጣሁት በእርሷ ላይ ክስ ይዤ ነው። ምስክሩም ተከሳሹም እኔ ነኝ።

የእኔ ፕሮሰሰር ኢንቴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2011 ያወጣው ኮር አይ5 2500ኬ ነበር። አራት ኮር፣ ማለትም አራት የስሌት ክፍል፣ አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፤ በራሱ ሲፈጥን 3.7 ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ማባዣው እንዳልተቆለፈ ትናገራለች። ማባዣው የሚያባዛው የመሠረት ሰዓት፣ ማለትም መነሻ ምቱ፣ 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ በ33 ሲባዛ 3,300፣ በ46 ሲባዛ 4,600 ይሆናል። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብቶ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። እኔም 46 ጻፍኩ፣ ቮልቴጁን ከፍ አደረግኩ፣ ዊንዶውስ ተነሣ። ሃያ ደቂቃ ፈተንኩት፤ አልቆመም። ያን ምሽት ለሁላችሁም ደወልኩ። «4.6፣ ተረጋግቷል!» አልኩ። እናንተም አመሰገናችሁኝ።

በዚያው ዓመት አባቴ ዐረፉ። ታላቅ እኅቴ ከብዙ ዓመት በፊት የአባቴን ድምፅ በአራት ካሴት ቀድታ አስቀምጣ ነበር። በልጅነታቸው ለትምህርት በእግራቸው የተጓዙትን መንገድ ይተርካሉ፤ እናታችንን ያገኙበትን ቀን ይናገራሉ፤ በሦስተኛው ካሴት ደግሞ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ካሴቶቹ አርጅተው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ሦስተኛው ካሴት እንዳለቀ ክሩ ተበጠሰ፤ ግን ድምፁ ገብቶልኛልና አልደነገጥኩም። የካሴቱን የጀርባ ጫጫታ አጠራሁ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጨምቄ አስቀመጥኩ፣ ሃርድ ዲስኩ ጠባብ ስለነበር ዋናዎቹን ፋይሎች አጠፋሁ። ይህ ሁሉ የተሠራው በዚያ በ4.6 ጊጋኸርዝ፣ «ተረጋግቷል» ባልኩት ኮምፒውተር ላይ ነው።

የአርባቸው ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እኅቴ «እስኪ ድምፃቸውን አሰማን» አለችኝ። ፋይሉን ከፈትኩ። ሁለቱ ካሴቶች በደኅና ተፈቱ። ሦስተኛው ላይ ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ተበላሽቷል። እስከ ተበላሸበት ድረስ ያለውን አሰማኋቸው። አባቴ ረጋ ብለው እየቆጠሩ አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተቆረጠ። አክስቴ «ቀጥል እንጂ» አሉኝ። የሚቀጥል ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መንስኤውን ፍለጋ ገባሁ። ሃርድ ዲስኩን መረመርኩ፤ ጤነኛ ነው። ራሙን፣ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ሜምቴስት በሚባል መፈተሻ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ አንድም ስህተት የለም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ፋይል ወስጄ በ4.6 አሥር ጊዜ ጨምቄ አሥር ጊዜ ፈታሁት። ሁለቱ ተበላሽተው ወጡ። ፍጥነቱን ወደ 3.3 መልሼ ያንኑ ደገምኩ፤ አሥሩም ደኅና ነበሩ። ፕሮሰሰሩ ጥፋት የለበትም። ከተመደበለት በላይ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ፤ በሃያ ደቂቃ ፈተና «ተረጋግቷል» ያልኩትም እኔ ነኝ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም፣ ሰማያዊ ስክሪን አላሳየም። እየሠራ ነበር የሚሳሳተው።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ። በ3.3 ጊጋኸርዝ አንድ የሰዓት ምት 0.30 ናኖሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ በ4.6 ወደ 0.22 ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ምልክቱ በመንገዱ ባሉት ትራንዚስተሮች፣ በጥቃቅኖቹ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ አልፎ መድረስ አለበት። ከዘገየ ፕሮሰሰሩ «ቆይ፣ አልደረሰልኝም» አይልም፤ ያገኘውን ይዞ ይቀጥላል። አንድ ሆኖ መጻፍ የነበረበት ዜሮ ሆኖ ይጻፋል። ስህተቱ የዊንዶውስ አንጀት ላይ ካረፈ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፤ እድለኛ ናችሁ፣ ታውቃላችሁ። ፎቶግራፋችሁ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ፣ የድርጅት ሒሳብ ላይ ካረፈ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ስህተት የሚሰጥ እንጂ የማይቆም ማሽን ምን ያህል እንደሚያታልል በ1994 ዓለም አይቶታል። በቨርጂኒያ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ ስለ መንትያ ብቸኛ ቁጥሮች (በሁለት ብቻ የሚለያዩ፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ሌላ ቁጥር እኩል የማያካፍላቸው ጥንዶች) ሲያሰሉ ውጤታቸው አልገጥም አላቸው። ወራት ደክመው ጥፋቱ የፔንቲየም ፕሮሰሰር ማካፈያ መሆኑን ደረሱበት። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው 1.33373 ይሰጥ ነበር። ኢንቴል ለዚያ ጥፋት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ያ የንድፍ ስህተት ነበር፤ የእኛ ከልክ ያለፈ ማስሮጥ ነው። ለተጠቃሚው ግን አንድ ነው፤ መልኩ ትክክል የሆነ የተሳሳተ መልስ።

እንግዲህ ንዴቴን ስሙልኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ከአንድ ሱቅ የገዛችውን ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ሳጥኑ ላይ «ተፈትኖ የተረጋጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የመመረቂያ ሥራዋን ስታዘጋጅ በየሁለት ሰዓቱ ይጠፋባታል። ሻጩ «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውስ ጭኖ አስከፍሏታል፤ ሁለት ጊዜ! ባዮሱን ስከፍት ፍጥነቱ ተሰቅሏል፣ ቮልቴጁ ተጨምሯል፣ ማቀዝቀዣው ግን ከፋብሪካ የመጣው ትንሹ ነው። ማን ፈተነው? ስንት ሰዓት ፈተነው? በምን ፈተነው? መልስ የለም። ለልጅቷ ያለ ፈቃዷ በሥራዋ ቁማር ተጫወቱባት! ይህን የሚያደርግ ሰው ባለሙያ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። በመካከላችንም ካለ ዛሬውኑ ያቁም!

ወደ አሠራሩ ልግባ። ከመነካካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን በፋብሪካ ፍጥነቱ ፈትኑ፤ መነሻው የታመመ ከሆነ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። ከዚያ ማባዣውን በአንድ ብቻ ከፍ አድርጉ። በ2500ኬ ዘመን ባሉ ማዘርቦርዶች የመሠረት ሰዓቱን አትንኩ፤ የሃርድ ዲስኩም የግራፊክስ ካርዱም መስመር ከእርሱ ጋር ስለታሰረ በጥቂት በመቶ ከፍ ሲል ሁሉም ይናወጣል። በየደረጃው ሃያ ደቂቃ ፈትኑ። ሃያ ደቂቃ የምትበቃው ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለመውጣት ብቻ ነው። ስህተት ሲመጣ ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ቮልት ጨምሩ፤ በአንዴ 0.1 የሚጨምር ሰው እየገመተ ነው። ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ በራሱ ዝቅ እንደሚልም አስቡ፤ ባዮስ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር በጭነት ጊዜ የሚደርሰው ቁጥር አይደለም።

ለፈተናው ፕራይም95 የምወደው መልሱን ስለሚያመሳክር ነው። ጆርጅ ዎልትማን በ1996 ለጀመሩት የታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮች ፍለጋ የጻፉት ፕሮግራም ነው። ትክክለኛ መልሱ የታወቀ ስሌት ይሰጠዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሲሳሳት «የማጠጋጊያ ልዩነቱ ከ0.4 ማነስ ሲገባው 0.5 ሆነ» ብሎ ያንን የፈተና መስመር፣ በአንዱ ኮር ላይ የሚሄደውን ስሌት፣ ያቆማል። ኮምፒውተሩ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። አያችሁ? እኔ ያን ጊዜ ያጣሁት ይህንን ነበር፤ የሚያመሳክር ዳኛ። ራሱን የቻለ ሙሉ ሌሊት፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት፣ ቢቻል አሥራ ሁለት ስጡት። ካደረ በኋላ ከደረሳችሁበት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። የዊንዶውስን የክንውን መዝገብም ክፈቱ፤ በመለያ ቁጥር 19 የሚመዘገበው የታረመ የሃርድዌር ስህተት ከተገኘ ሥራው አላለቀም።

ስለ ሙቀት። ቮልቴጅ ሲጨምር ኃይሉ በካሬ ያድጋል። ከ1.20 ወደ 1.38 ቮልት ብታወጡት፣ ፍጥነቱንም ከ3.3 ወደ 4.6 ብታደርጉት፣ ትራንዚስተሮቹ ሲቀያየሩ የሚበሉት ኃይል 1.8 እጥፍ ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ሰው የጻፈውን ቁጥር ገልብጣችሁ አትለጥፉ። ቺፑም አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች አንዱ 4.7 ሲደርስ ሌላው በዚያው ቮልቴጅ 4.4 ላይ ሲያቃስት አይቻለሁ።

ራይዘን የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የያዛችሁ ወጣቶች፣ ለእናንተ ፈተናው የተገላቢጦሽ ነው። ከራይዘን 5000 ወዲህ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው ማስተካከያ የየኮሩን ቮልቴጅ ስትቀንሱ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ችሎ፣ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ሊወድቅ ይችላል፤ አንድ ኮር ብቻውን ወደ ላይኛው ፍጥነት የሚዘለው ያኔ ነውና። ኮርሳይክለር የሚባለው ፕሮግራም ኮሮቹን አንድ በአንድ ይፈትናል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡት።

መብራትና አቧራ ቀርተውኛል። ፈተና በመሀል ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ያዙ። ማቀዝቀዣውን በየሦስት ወሩ አጽዱ። በፋብሪካ ፍጥነት ላይ ያለ ሁሉ ደኅና ነው የምትሉም በ2024 የሆነውን አስታውሱ። ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አላዳነውም።

ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ድምፅ እንዲሰጥበትም እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን አባል አስተካክሎ ለሌላ ሰው በሚሰጠው ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁን፣ የታየውን ከፍተኛ ሙቀትና የተፈተነበትን ሰዓት ብዛት በእጁ ጽፎ ይፈርም። አራት መስመር ነው። አራት መስመር መጻፍ የማይችል ሰው የሰው ንብረት አይንካ!

አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ኮምፒውተሩ ከተጀመረ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ያ የአባቴን ድምፅ ያቋረጠው 2500ኬ ራሱ ነው፤ ማባዣው 43፣ ቮልቴጁ 1.30። አራቱም የፈተና መስመሮች እየሠሩ ከሆነ ወደ 42 አውርጄ ለእኅቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። አንዱ እንኳ ቆሞ ካገኘነው 42ን ዛሬ ማታ እንደገና አሳድረዋለሁ። እስኪ ከወጣቶቹ አንዳችሁ ስክሪኑን አብሩልን።