የነዳጅ እድር

[ምስል፦ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ማደያው ጋ የሚኒባስ ሰልፍ]

ሰልፉ የተያዘው ገና ሳይነጋ ነው። አንድ ጎልማሳ ሾፌር ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ጨርሰው ነው?»

«ኧረ ግማሽ አለኝ። ነገ ቢጠፋስ ብዬ ነው።»

እቺን መልስ ያዙልኝ። ሰልፉን የሚያረዝመው ነዳጅ ያለቀበት ሰው ብቻ አይደለም። ግማሽ ያለውም ፈርቶ ይሰለፋል። አገርም ሲፈራ እንዲሁ ያደርጋል።

[የድሮ ፎቶ፦ መኪና የሌለበት አውራ ጎዳና]

እ.ኤ.አ. በ1973 መገባደጃ፣ የአረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤል ከግብፅና ከሶሪያ ጋር ባደረገችው ጦርነት እስራኤልን ደግፋችኋል ብለው ለአሜሪካና ለኔዘርላንድስ መሸጥ አቆሙ። ሆላንዶች እሁድ እሁድ መኪና እንዳይነዱ ተከለከሉ። ሕዝቡ በብስክሌት ፈጣን መንገዱ ላይ ወጣ። ጎረቤቶቻቸው እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን «ወዳጅ» ስለተባሉ አልተቋረጠባቸውም። የጋራ ገበያ የነበራቸው አገሮች ናቸው፤ ያን ሰሞን ግን ሁሉም ለየራሱ ሻጭ ፍለጋ ሮጠ። በጥቂት ወራት የበርሜል ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሶፍት ሊጠፋ ነው ተብሎ ሰው ሱቅ ወረረ። ሶፍቱን ያጠፋው ሽሚያው ራሱ ነው።

ድንጋጤው እዚህም ደርሷል። የካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጭማሪውን ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ነዳጅ ብቻውን አላወረዳቸውም፤ የወሎ ረሃብ፣ የመምህራንና የወታደሩ ጥያቄም ነበር። ግን ክብሪቱን ከጫሩት አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ተቋቋመ። እኔ የነዳጅ እድር ነው የምለው። እያንዳንዱ አባል ከውጭ የሚያስገባውን የ90 ቀን ነዳጅ ያህል ያስቀምጣል። በየራሱ ጋን ነው የሚያስቀምጠው፤ አንድ ትልቅ የጋራ መጋዘን የለም። የጋራው ነገር ቃሉ ነው፦ ችግር ሲመጣ ተመካክረን አብረን እንለቃለን። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አባላቱ በሁለት ዙር ከ180 ሚሊዮን በርሜል በላይ ለመልቀቅ ተስማሙ። ጎረቤቱ እንደሚለቅ የሚያውቅ አገር ለሽሚያ አይሮጥም። የክምችቱ ዋና ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው።

[ካርታ፦ የሆርሙዝ ወሽመጥ]

ጃፓንና ደቡብ ኮሪያን እዩ። ሁለቱም የእድሩ አባል ናቸው። ድፍድፋቸው በአብዛኛው የሚመጣው ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ በዚህ በኢራንና በኦማን መካከል ባለ ጠባብ የባሕር በር ነው። በሩ ሲዘጋ ለሁለቱም ይዘጋል። ጋዝ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በመርከብ ለመጫን ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ጋኑ ውስጥ ተቀምጦም ቀስ በቀስ ይተናል። እንደ ድፍድፍ ለወራት አታከማቸውም። ስለዚህ ለጋዝ የሚያዋጣው የመርከብ ጭነት መበዳደር ነው፤ የእኔ ዘግይቷል፣ የአንተን ስጠኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመልሳለሁ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። በዚያው በ2022 አውሮፓ ጋዝ በውድ ስትገዛ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ መግዛት አቅቷቸው መብራት ጠፋባቸው። እድርተኛ ያልሆነ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልለት የለም።

[ምስል፦ ከጅቡቲ የመጣ ቦቴ ወደ ማደያው ሲታጠፍ]

እኛም እድርተኛ አይደለንም። አባል ለመሆን መጀመሪያ የኦኢሲዲ፣ ማለትም በአብዛኛው የበለፀጉ አገሮች የተሰባሰቡበት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት አባል መሆን ያስፈልጋል። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ የምናስገባው ተጣርቶ ያለቀውን ነው። ኬንያና ጅቡቲም ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ገዢ ናቸው። በጋራ ገዝቶ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ውል ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ሰፈር ነው ብዬ አምናለሁ። የ90 ቀኑ ይቅር፤ በሁለት ሳምንት ክምችት መጀመር ይቻላል።

ቦቴው ገባ። ሾፌሩ ሞተር አስነስተው አንድ መኪና ያህል ወደፊት ተጠጉ።