የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ከኮሪያ የመጣው ቀይ ጂንሰንግ

ደዋይ ከአዳማ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የቃኘው ዘማች ናቸው፣ ኮሪያ የዘመቱ። በቀደም ከኮሪያ የመጡ እንግዶች ቤት ድረስ መጥተው ጠየቋቸውና አንድ ካርቶን ስጦታ ሰጥተዋቸው ሄዱ፣ ውስጡ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፣ ጥቁር ፈሳሽ ነገር ነው፣ ይመራል አፈር አፈር ይላል። ጉልበት ይሰጣል አሉን። ግን ሰውዬው ዋርፋሪን ይወስዳሉ፣ ይጠጡት ወይ?

መልስ፦ እንዳይጠጡት ወንድሜ፣ ሐኪማቸው ሳያውቅ እንዳይከፈት። ያልከው ነገር ሆንግሳም ነው፣ ቀይ ጂንሰንግ ማለት ነው፣ ጂንሰንግ የሚባል ተክል ስር ነው። ጂንሰንግ የዋርፋሪንን ሥራ ሊያዳክም ይችላል፣ አያትህ ደግሞ ዋርፋሪኑን የሚወስዱት ደማቸው እንዳይረጋ ነው እኮ፣ እና አስበው። ቀምሰው ከሆነ ስንት ከረጢት ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ጻፍና ካርቶኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አይኤንአር፣ ማለትም ደማቸው ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ፣ ይለካላቸው፣ ዋርፋሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ እንዳትቀንሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ንገሩ፣ ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ሰው "ቅጠላቅጠል ነው ምን ያደርጋል" ይላል፣ እኔ በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ምንም የማያደርግ ቢሆንማ ለምን ይጠጡታል?

ደዋይ ከዱባይ፦ እዚህ ሱቅ ነጭም ቀይም አለ፣ ቀዩ ውድ ነው። ሌላ ተክል ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ስሩ ያው ነው። ከመሬት ሲወጣ ነጣ ያለ ነው፣ እግር ያወጣ ካሮት በይው፣ ኮሪያዎቹ ኢንሳም ይሉታል፣ "ኢን" ሰው ማለት ነው፣ እጅና እግር ያለው ስለሚመስል። ዝም ብሎ ከደረቀ ነጭ ነው፣ ከነልጣጩ በእንፋሎት በስሎ ከደረቀ ቀላ ይላል፣ ውስጡ ያሉት ጂንሰኖሳይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም በሙቀቱ ይለወጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቆያል። ውድ የሆነው ለቀዩ የሚመረጠው የ6 ዓመት ስር ስለሆነ ነው። 6 ዓመት ሙሉ ዳስ ተሠርቶለት ነው የሚያድገው፣ ፀሐይ አይችልም፣ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ እዛው መሬት ላይ ቶሎ ሌላ ጂንሰንግ ብትተክይ ይታመማል። "የሳይቤሪያ ጂንሰንግ" የሚል ካየሽ ግን ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም፣ አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ጂንሰንግ ብሎ መሸጥ ከልክላለች።

በጽሑፍ የመጣ፦ የጂንሰንግ ሻይ ማታ ማታ እየጠጣሁ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከሱ ይሆን?

መልስ፦ ይሆናል፣ እንቅልፍ ማጣት የታወቀ ጠባዩ ነው። ጠዋት አድርጊው፣ ከቡና ጋር ደግሞ አትደራርቢው። ካልተሻለሽ ተይው። የዱቄቱን ሻይ ከሆነ የምትጠጪው ጀርባውን አንብቢ፣ ብዙዎቹ ስኳራቸው ይበዛል። ጣዕሙን ከወደድሽው ሳምግየታንግ የሚባል አለልሽ፣ ጫጩት ዶሮ ሆዷ ውስጥ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቀጭን ጂንሰንግ ተከቶ ይቀቀላል፣ ኮሪያዎቹ የሚበሉት በብርድ ጊዜ እንዳይመስልሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ሲብስባቸው ነው፣ ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ።