ይሄ የማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከጀርባ ጀነሬተር ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፤ መብራት ሄዷል።

የዛሬው ወሬ ፓይተን ስለሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ኮድ የማትጽፉም ግን ቶሎ አትዝጉት፤ የደመወዝ ጉዳይ አለበት።

የዛሬ ጥቂት ዓመት የምሠራበት ቦታ የደመወዝ ስሊፕ በወረቀት ማደል ይቅር ተባለ። እኔ ደግሞ ማን ጠየቀኝ፣ "በቴሌግራም ቦት ለእያንዳንዱ ሰው በግሉ እልካለሁ" አልኩ። በፓይተን የጻፍኳት አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕቷ፣ ቀላል ናት። ከኤክሴሉ የአንዱን ሠራተኛ መስመር ታነባለች፣ ፒዲኤፍ ትሠራለች፣ ትልካለች። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። አንድ ሰው ላይ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል፤ አብዛኛው ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ሠራተኛው 180 ስለሆነ ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። አምስት ወር ያለ አንዳች ኮሽታ ሠራች።

በስድስተኛው ወር እጄን በላኝ። ግማሽ ሰዓት ምን በወጣኝ? ኔትወርክ እየጠበቀች ዝም ብላ ከምትቀመጥ፣ አንዱን እየጠበቀች ሌላውን ብትሠራስ? ፓይተን ለዚህ ትሬድ ፑል ኤክሲኪዩተር የሚባል ነገር አለው፤ ከስሪት 3.2 ጀምሮ አብሮት ይመጣል። ሥራውን ትሰጡታላችሁ፣ ስንት ትሬድ፣ ማለትም በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር፣ እንደሚያሰማራ ትነግሩታላችሁ፣ አለቀ። እኔ 10 አልኩት። የቀየርኩት ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ሳልሞክር አልላክሁም። ሦስት ሰው መረጥኩ፤ ለሦስቱም ተቀባዩን የራሴን ቴሌግራም አደረግኩ። ሦስት ስሊፕ መጣልኝ። አሪፍ ነው ብዬ ዘጋሁት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሁሉም ወደ እኔ የሚመጣ ከሆነ የማን ስሊፕ ለማን እንደሄደ በምን ልለይ ነው?

የደመወዝ ቀን ከምሳ በፊት አስነሳኋት። ሦስት ደቂቃ። ወንበሬ ላይ ተለጥጬ ቡና አዘዝኩ። ቡናው ሳይመጣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሹፌራችን መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?"

አየሁት። የአለቃችን ደመወዝ ነው። ከነአበሉ፣ ከነተቀናሹ።

"እኔማ እድገት ሰጣችሁኝ ብዬ ነበር" አሉ፣ እየሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከጀርባቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ስልክ ይዘው ቆመዋል።

የዚያን ዕለት ከሰው ኃይል ክፍል የሰማሁትን እዚህ አልደግመውም። ይገባኝ ነበር።

አሁን ወደ ኮዱ። መጀመሪያ ስክሪፕቷን ስጽፍ ሠራተኛ የሚል ቫሪያብል፣ ማለትም መረጃ የሚያዝበት ስም፣ ከፋይሉ አናት ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ግሎባል አድርጌ፤ ከየትኛውም የኮዱ ክፍል ይታያል። ተራው የደረሰው ሰው እዚያ ይገባል። ፒዲኤፍ የሚሠራው ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ፣ ከዚያ ያነባል። የሚልከውም ከዚያው ያነባል። ቅንፎቻቸው ባዶ ናቸው፤ ምንም አይቀበሉም። ያኔ ይሄ ንጹሕ ኮድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ በሚሠራበት ቢሮ ይሄ ችግር የለውም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፖስታ አለ በሉ። የጋሼን ስም ትጽፉበታላችሁ፣ ስሊፑን ከማተሚያው ታመጣላችሁ፣ ከታችሁ ትሰጣላችሁ። ስሙን አጥፍታችሁ የሚቀጥለውን ትጽፋላችሁ። አሁን አሥር ሰው በዚያው በአንድ ፖስታ ይሥራ። የአለቃን ስሊፕ ይዤ ስመለስ አንዱ ስሙን አጥፍቶ ጋሼ ብሎ ጽፎበታል። እኔ ምን አውቄ? ፖስታው ላይ ላለው ሰው እሰጣለሁ። የሆነው ይሄው ነው። ፒዲኤፉ ሲሠራ ቫሪያብሉ አለቃን ይዟል። ሲላክ ጋሼን ይዟል። በመሃል ያለፈው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው።

ይሄን ስናገር ሁሌ አንድ ሰው ያቋርጠኛል። "ፓይተን ጊል የለውም እንዴ?" ይላል። አለው። ጊል፣ ማለትም ግሎባል ኢንተርፕሪተር ሎክ፣ በአንድ ቅጽበት አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ ያደርጋል። ግን ተራው ይቀያየራል። ሌላ ትሬድ እየጠበቀ ከሆነ በነባሪው በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ልቀቅ ይባላል። ኔትወርክ ሲጠብቅማ በራሱ ፈቃድ ይለቃል። የእኔ ስክሪፕት ሥራዋ ሁሉ ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ጊል የሚጠብቀው የኢንተርፕሪተሩን፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የውስጥ ዕቃ ነው። የእኔን ፖስታ አይጠብቅልኝም። ከ3.13 ወዲህ ደግሞ ያለ ጊል የሚሠራ ፓይተንም አለ፤ ስለዚህ ጊልን ተማምኖ መኖር ከዚህ በኋላ አያዋጣም።

ማስተካከያው ቀላል መሰለኝ። ግሎባሉን አወጣሁት። እያንዳንዱ ፈንክሽን ሠራተኛውን በቅንፍ እንዲቀበል አደረግኩ። ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር ሎካል ቫሪያብሎቹ፣ ማለትም እዚያው ውስጥ ብቻ የሚታዩት፣ አዲስ ቦታ ያገኛሉ። አሥር ትሬድ ያንኑ ፈንክሽን ቢጠራ አሥር የተለያየ ሠራተኛ የሚል ስም አለ ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። ለእያንዳንዱ የራሱ ፖስታ።

በዚህ ጊዜ አሞካከሬንም ቀየርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ይምጣ፣ ግን መልእክቱ ላይ የታሰበው ተቀባይ ስም ይጻፍ። በየመሃሉ ደግሞ እንዲያው በዘፈቀደ ቆም የሚል እንቅልፍ ከተትኩበት፣ ግርግሩ እንዲብስ። 20 ሰው ላክሁ።

አራቱ ተምታቱ።

በእውነት ኮምፒውተሩን መዝጋት ነው ያማረኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ግሎባል የለም። ሁሉም ሎካል ነው። ስኮፑ፣ ማለትም ስሞቹ ከየት እንደሚታዩ፣ እንከን የለውም። እስከ ማታ አፍጥጬበት ነው ያየሁት፦ ፒዲኤፉ ስሊፕ ነጥብ ፒዲኤፍ በሚል ስም ነው የሚቀመጠው። ሁሌም በዚያው ስም። የፋይሉን ስም የያዘው ቫሪያብል ሎካል ነው፣ አዎ። አሥሩም ትሬድ የየራሳቸው አላቸው። ግን አሥሩም ወደ አንድ ፋይል ይጠቁማሉ። አንዱ ጽፎ ሳይልክ ሌላው ላዩ ላይ ይጽፍበታል።

እኔ ለዓመታት ሎካል ማለት "የእኔ" ማለት ይመስለኝ ነበር። ስኮፕ የሚነግራችሁ ግን ስሙ ከየት እንደሚታይ ነው። ስሙ የሚጠቁመው ነገር የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ለአሥር ፈንክሽን አንድ ሊስት፣ ማለትም ዝርዝር፣ በቅንፍ ብትሰጡ አሥር ስም አለ፣ ሊስቱ ግን አንድ ነው። ፋይልም እንዲሁ። የሥራ ፎልደሩም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ትሬድ ፎልደር ከቀየረ ለሁሉም ይቀየራል። እሱን ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ በሌላ ውርደት ተምሬዋለሁ።

ፒዲኤፉን ዲስክ ላይ ማስቀመጡን ተውኩት። እዚያው ሚሞሪ ላይ ይሠራል፣ ይላካል፣ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ይሄኛው ተቃራኒው ስለሆነ ነው። ለማን እንደተላከ የሚመዘግብ ፋይል ነበረኝ። አሥሩ ትሬድ እዚያ ላይ ሲጽፉ መስመሮቹ ተቆላለፉ። ሎክ ያስፈልጋል አልኩ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ ማለት ነው። ግን በግሎባል ተቃጥያለሁና ሎኩን ፈንክሽኑ ውስጥ ፈጠርኩት፣ ሎካል አድርጌ። ምንም ለውጥ የለም። ለምን? በተጠራ ቁጥር አዲስ ሎክ ይፈጠራላ! በግቢ የተከራያችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፣ ቁልፉ በሩ ላይ ነው መዋል ያለበት። እኔ ለአሥሩም ተከራይ የየራሱን ጓጉንቸር ገዝቼ ኪሱ ውስጥ እንዲቆልፈው አደረግኩ። በሩ ክፍት ነው። ሎክ የሚሠራው ሁሉም ያንኑ አንዱን ሲያዩት ነው። የጋራ መሆን ያለበት ነገር አለ።

በመጨረሻ ሎኩንም ጣልኩት። አሁን ትሬዶቹ ምንም አይመዘግቡም። እያንዳንዱ ሥራውን ጨርሶ "ለእገሌ ተልኳል" ወይም "አልሄደም" ብሎ ውጤቱን ይመልሳል። መዝገቡን የሚጽፈው ዋናው ትሬድ ብቻውን ነው። ቶሎ ሎክ ፍለጋ ከመሮጥ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ጸሐፊ ካለ ለማን ይቆለፋል?

አንድ ፍተሻም ጨምሬያለሁ። ከመላኩ በፊት ፒዲኤፉ ውስጥ ያለው የመታወቂያ ቁጥርና የተቀባዩ ቁጥር ይመሳከራል። ካልገጠመ ስክሪፕቷ በሙሉ ትቆማለች። ትሬዱንም ከአሥር ወደ አራት አወረድኩት። የሚቸኩል ሰው የለም፣ ደመወዙ እንደሆነ ባንክ ገብቷል።

ጋሼ ግን አልረሱም። ስሊፑ በደረሳቸው ቁጥር በጠረጴዛዬ በኩል ያልፋሉ። ስልካቸውን ከፍ ያደርጉና "ዛሬስ የማንን ላክህልኝ?" ይሉኛል። የራሳቸው ነው። ትንሽ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ።