እማዬ፣ ወገቤ እና ነርቭ ማቃጠል

ሙሌ፦ ጀምረናል? እሺ። እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬ ርዕሳችን ነርቭ ማቃጠል ነው። ለቆየ የወገብ ህመም የሚደረገው ማለቴ ነው። ባለፈው ቃል ገብተን ነበር፣ ብዙ ሰውም ጠይቆናል።

ሄለን፦ ብዙ ሰው የምትለው ሹፌር ጓደኞችህን ነው።

ሙሌ፦ ሹፌር ሰው አይደለም እንዴ? እስቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ወገቡን የማያመው ሹፌር አምጪልኝ። ኡበሩ፣ ታክሲው፣ ሊሞው፣ ሁሉም ከጀርባው ትራስ ሸጉጦ ነው የሚዞረው።

ሄለን፦ ነርሶችንም ጨምር። በሽተኛ ስናገላብጥ ነው የኛ ወገብ የሚያልቀው።

ሙሌ፦ ለነርሶች ሌላ ቀን እናዝናለን። [ሳቅ] ዛሬ ስለኔ ነው። እኔን ካመመኝ ዓመታት ሆኖታል። ታች ወገቤ ላይ፣ በስተቀኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ደህና ነኝ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ዳለስ ኤርፖርት ደርሼ የሰው ሻንጣ ላወርድ ብድግ ስል፣ በተለይ ደግሞ ወደ ኋላ ቀና ስል፣ በቃ ትንፋሼ ቁርጥ ነው የሚለው።

ሄለን፦ ወደ እግርህ ይወርዳል?

ሙሌ፦ አይወርድም። መቀመጫዬ ጋ ይቆማል። ይህቺን ያዟት፣ በኋላ ትፈለጋለች። ኪኒኑን ሞከርኩ። ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከኤርፖርት ወደ ቤተስዳ የጫንኩት ሰውዬ ስወርድ ስወጣ አይቶኝ፣ እኔ አንገቴን አስቃጥዬ ነው የተገላገልኩት አለኝ። ምኑን ነው ያስቃጠልከው? ነርቩን።

ሄለን፦ ህክምና ከፓሴንጀር!

ሙሌ፦ ከፓሴንጀር የማይገኝ እውቀት የለም። ቤት መጥቼ ለሚስቴ ስነግራት እማዬ ሰማች። ያን ጊዜ እማዬ ልታርስ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ነበረች።

ሄለን፦ ኦ፣ እትዬ መጡ። ርዕሱ አበቃለት።

ሙሌ፦ ቆይ፣ ከርዕሱ ጋር ይገናኛል። እማዬ የኔን ህመም ከመጣች ቀን ጀምሮ መርምራ ጨርሳለች። ብርድ ነው። የመኪናህ ማቀዝቀዣ ነው የመታህ። እማዬ፣ ኤምአርአይ ተነስቻለሁ እኮ። ብርድ በማሽን አይታይም። እማዬ፣ ሐኪሙ መገጣጠሚያ ነው ብሏል። መገጣጠሚያውን ምን መታው? ብርድ!

ሄለን፦ [ሳቅ] መልስ የለውም።

ሙሌ፦ ፌጦ ወቅጣ ለጥፋብኛለች። መኪናዬ ፌጦ ሸትቶ አንድ ፈረንጅ መስኮት ከፍቶ ነው የሄደው። ከዚያ ይሄን ነርቭ ማቃጠል ስነግራት፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ቀስ አድርጌ ነው የነገርኳት። እማዬ፣ ሐኪሙ በመርፌ ይገባና ህመሙን የምታመላልሰዋን ነርቭ በሙቀት ያቃጥላታል አልኳት። ዝም አለች። ገንፎውን እያማሰለች፣ «ሊተኩስህ ነው?» አለችኝ።

ሄለን፦ ወይኔ!

ሙሌ፦ በቃ፣ ምን ልበል? አዎ አልኳት። «ታዲያ ለመተኮስ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣኸው? ማጭድ አግሎ በነፃ የሚተኩስህ ሰው ሰፈራችን ነበረልህ» አትለኝም! ደግሞ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠባሳ ታሳየኛለች። ልጅ ሆና የተተኮሰችው ነው። «ይኸው እስከ ዛሬ አመመኝ ብዬ አውቃለሁ?»

ሄለን፦ አያቴም ነበራቸው፣ ደረታቸው ላይ። ግን ሙሌ፣ ሰው ይሰማናል፣ አንድ ነገር ልበል። ያኛው ቆዳ ላይ ነው። ቆዳ ይቃጠላል፣ ይመረቅዛል፣ ጠባሳ ይቀራል። ህመሙን የሚያመላልሰው ነርቭ ጋ አይደርስም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሙሌ፦ አይደሉም። እኔም አልኳት። ግን እማዬ አንዴ ገብቷታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ ነግራ ጠበቀችኝ። ልጄ በእሳት ሊተኮስ ነው። ሄሉ፣ ስልኬ አላርፍ አለ። የማላውቃቸው ሰዎች እግዜር ይማርህ ይሉኛል። አንዷ ሴትዮ ጭራሽ ካንሰር መስሏቸው አልቅሰዋል።

ሄለን፦ ያላለቀሰ የለም እኮ፣ እኔ ራሴ ሥራ ቦታ ሰምቼ ደነገጥኩ።

ሙሌ፦ ደግሞ ክሊኒኩ ምን አለኝ? የሚነዳልህ ሰው ይዘህ ና፣ አለዚያ አንሠራልህም። እኔ ራሴ ሹፌር ነኝ አልኳት ለልጅቷ። አልሳቀችም። ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩ፣ እሱ ለሌሎቹ ነገረ፣ በዕለቱ ፓርኪንጉ ውስጥ የኛ ልጆች መኪና ተደርድሯል። እኔ ነኝ የምወስደው፣ አይ እኔ ነኝ። ሴኩሪቲው ወጥቶ ምን ተፈጠረ እስኪል ድረስ።

ሄለን፦ ሙሌ። ርዕሱ።

ሙሌ፦ እሺ እሺ። ርዕሱ። አሁን ቁም ነገር። የአከርካሪ አጥንቶች ከኋላ በኩል የሚያያዙባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ግራና ቀኝ። ፋሴት ይሏቸዋል። እነሱ ሲያረጁ፣ ሲቆስሉ ያማሉ። የእያንዳንዷን መገጣጠሚያ ስሜት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ናቸው ወደ ላይ የሚያደርሱት። እነሱን ነው የሚያቃጥሉት። ዋናውን፣ እግር የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ አይነኩም።

ሄለን፦ ስለዚህ ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኖት እግሩ ድረስ ለሚያመው ሰው ይሄ መፍትሔ አይደለም።

ሙሌ፦ ይሄው! እግሬ ላይ አይወርድም ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ልጆች ወገብ ወገብ ነው ብለው አድራሻውን ላክልን ይሉኛል። ወገብ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሁሉ በላይ የምነግራችሁ ግን ማቃጠሉን አይደለም። ሙከራውን ነው።

ሄለን፦ የማደንዘዣውን።

ሙሌ፦ የማደንዘዣውን። ሳያቃጥሉ በፊት እነዚያን ነርቮች በትንሽ ማደንዘዣ ያደነዝዟቸዋል። ከዚያ ሂድ፣ የሚያምህን ነገር ሁሉ አድርግ፣ ሰዓት እያየህ ጻፍ ይሉሃል። ከክሊኒኩ ወጥቼ ወደ ኋላ ቀና አልኩ። ሄሉ፣ ምንም የለም! ፓርኪንግ መሀል ላይ ቀና ጎንበስ፣ ቀና ጎንበስ። ጓደኛዬ ምን ነካው ብሎ ሊይዘኝ ነው።

ሄለን፦ [ሳቅ] እስክስታ ሞከርክ በለኝ።

ሙሌ፦ ትከሻዬን አይደለም ያደነዘዙት! ከሰዓታት በኋላ ህመሙ ተመለሰ፣ መመለሱ ግን ደስ አለኝ። ለምን? ምንጩ ታወቀ። ኤምአርአዩ እኮ አልነገረኝም። የኔ ኤምአርአይ ላይ ያለው ምንም የማያመው ሰው ላይም ይኖራል ነው ያለኝ ሐኪሙ። ሙከራው ነው የነገረኝ። ደግሞ ይደገማል፣ አንዴ አይበቃም።

ሄለን፦ ሜዲኬርም፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚጠይቀው። ሁለት ሙከራ፣ በሁለቱም ህመሙ ቢያንስ 80 በመቶ መቀነስ አለበት። አለዚያ አይከፍልም።

ሙሌ፦ ሰው ግን በዚህ ይናደዳል። ለምን ሁለቴ ይወጉኛል፣ ገንዘብ ለመብላት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቴ ሳይሞክር ላቃጥልህ የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ ነው የምለው።

ሄለን፦ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ቀኑስ እንዴት ነበር?

ሙሌ፦ በሆዴ አስተኙኝ፣ ከሆዴ ሥር ትራስ። ታፋዬ ላይ ፕላስተር የመሰለ ነገር ለጠፉ፣ ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት ነው። ቆዳውን አደነዘዙ፣ ያቺ ናት የምትቆጠቁጠው። ከዚያ በኤክስሬይ እያዩ መርፌውን አስገቡ። እንቅልፍ የለም፣ ነቅተህ ነው። ምክንያቱም ይጠይቁሃል። ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልኩና፣ ይሰማሃል? የት? እግርህ ተንቀሳቀሰ? እግርህ ከዘለለ መርፌው ያለቦታው ነው ማለት ነው፣ ያስተካክሉታል።

ሄለን፦ አልፈራህም?

ሙሌ፦ ፈርቻለሁ እንጂ! እግሬን አትንካብኝ፣ ፍሬን የምይዝበት ነው አልኩት። ከዚያ ሙቀቱ። 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ለአንዱ ቦታ አንድ ደቂቃ ተኩል። ጥልቅ የሆነ ግፊት ነገር ይሰማሃል። በቃ። ቤት ስገባ ግን ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ሙዝ፣ ጁስ፣ ብርቱካን፣ አንዱማ ዶሮ ወጥ በድስት ይዞ መጥቷል። እኔ ማረፍ ፈልጌ ሰው እየሸኘሁ እየተቀበልኩ። እማዬ ደግሞ ሸሚዜን ገልጣ ለሰው ታሳያለች። «አያችሁ፣ ምልክትም የለውም። ይሄ መተኮስ ነው?»

ሄለን፦ [ረጅም ሳቅ] አላመኑም!

ሙሌ፦ ጭራሽ! ከነጋታው ደግሞ ቦታው መንደድ ጀመረ። ከበፊቱ የባሰ። ይሄን ማንም አልነገረኝም እንዳትሉ፣ ሐኪሙ ነግሮኛል። መጀመሪያ ሊብስ ይችላል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቅ። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው ተበላሁ ብለው የሚደውሉልኝ። እማዬ ምን አለች መሰለሽ?

ሄለን፦ ብርድ ገባበት።

ሙሌ፦ ብርድ ገባበት! [ሳቅ] ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ዛሬ ሙሉ ቀን እነዳለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ። ዜሮ ሆነ አልልም። ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ።

ሄለን፦ እሺ፣ አሁን የኔ ተራ። አንተ ደህና በመሆንህ ደስ ብሎኛል። ግን ሰው በአንተ ብቻ እንዳይሄድ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሆላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ ጃማ የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በሦስት የተከፈለ፣ በድምሩ 681 ሰው። ሁሉም የአካል እንቅስቃሴ ሠሩ፣ ከፊሎቹ ላይ ነርቭ ማቃጠሉ ተጨመረ። ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ2025 ደግሞ ቢኤምጄ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ መመሪያ ለቆየ የአከርካሪ ህመም ይሄን ነገር አታድርጉ ብሎ በግልጽ መክሯል።

ሙሌ፦ የሆላንዱን እኔም አንብቤዋለሁ። ሌሊት ፓሴንጀር ስጠብቅ ምን የማላነበው አለ? የመረጧቸውን ሰዎች እይ። አንድ የማደንዘዣ ሙከራ ብቻ፣ ህመሙ 50 በመቶ ከቀነሰ ይበቃል ብለው ነው ያስገቧቸው። ያ እኮ ህመሙ ከሌላ ቦታ የሚመጣውንም ሰው ያስገባል። የማያስፈልገውን ሰው አቃጥለህ አልሠራም ትላለህ?

ሄለን፦ ያ ትችት ቀርቧል፣ እውነት ነው። የህመም ሐኪሞች ማኅበራትም መመሪያውን ተቃውመዋል። ግን እነሱም የሚሠሩት ይሄንኑ ነው፣ እንጀራቸው ነው።

ሙሌ፦ ይሄ ደግሞ ስድብ ነው።

ሄለን፦ ስድብ አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

ሙሌ፦ ቦታውን መሳት ራሱ ችግር ነው ደግሞ። በ1970ዎቹ ኖርማን ሺሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው ይሄን በወገብ ላይ የጀመረው። በኋላ አውስትራሊያዊው ኒኮላይ ቦግዱክ አስከሬን ላይ ነርቮቹን ተከታትሎ ሲያይ፣ ለካ ሰው መርፌ ሲያስገባበት የነበረው ቦታ ነርቮቹ ያሉበት አይደለም! በ1980 አካባቢ ቦታውን ያስተካከለው እሱ ነው። ስንት ሰው ዝም ብሎ ሥጋውን ተቃጥሏል ማለት ነው።

ሄለን፦ እሱ ታሪክ ደስ ይላል። የኔን ጥያቄ ግን አልመለሰም። ነርቩ ተመልሶ ይበቅላል አይደል?

ሙሌ፦ ይበቅላል። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዚያ ህመሙ ሊመለስ ይችላል። ይደገማል።

ሄለን፦ እሱንም ሜዲኬር በኋላ እንዲደገም የሚፈቅደው ቢያንስ 50 በመቶ ለውጥ ስድስት ወር ከቆየ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ወር ሳያምህ ምን ሠራህበት? የምጠይቅህ ይሄን ነው። እንቅስቃሴ ትሠራለህ?

ሙሌ፦ ...እነዳለሁ።

ሄለን፦ ሙሌ!

ሙሌ፦ እሠራለሁ፣ እሠራለሁ። በየቀኑ አይደለም እንጂ። ሚስቴን ጠይቂ።

ሄለን፦ እጠይቃታለሁ። እነዚያ ነርቮች እኮ ከመገጣጠሚያው ሌላ አከርካሪን የሚደግፈውን ጡንቻም ያንቀሳቅሳሉ። አቃጥለህ ቁጭ ካልክ ጡንቻው ይደክማል። ህመሙ ሲቀንስልህ ነው መሥራት ያለብህ፣ ሲያምህማ አትችልም።

ሙሌ፦ አሁን ገና አንድ የሚረባ ነገር ተናገርሽ።

ሄለን፦ ከመጀመሪያው እየተናገርኩ ነው፣ የእናትህ ፌጦ ሸፈነኝ እንጂ።

ሙሌ፦ [ሳቅ] ለማንኛውም እኔ ዛሬም ቢመለስብኝ አስደግመዋለሁ። አንቺ?

ሄለን፦ እኔ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒውን ከልቤ እሞክራለሁ። ከዚያ ሁለቱን ሙከራ። ከዚያ... እንጃ። አላውቅም። ምናልባት።

ሙሌ፦ ምናልባት ብላለች! ቀድታችሁ ያዙልኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ልባችሁ ላይ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ያለባችሁ፣ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ኤሌክትሪክ ነው። ስለ ጉልበት የጠየቃችሁን ደግሞ፣ ለጉልበትም አለ፣ ሰዓት አልቆብናል፣ የሚቀጥለው ሳምንት...

ሄለን፦ የሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ ነው ብለናል።

ሙሌ፦ ኪራይ ጉልበት አይጨርስም እንዴ? እንቀላቅለዋለን። ሰላም ሁኑ።