ግማሽ ነጥብ

እሺ። ስለ ቼዝ አላወራም ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ። እህቴም «ደግሞ ያንን እንጨት መግፋትህን ልትጀምር ነው?» ብላ በሩን ዘግታብኝ ወጥታለች። ግን የእሁዱ ጨዋታ አልለቅ አለኝ።

የመጨረሻው ዙር ነው። ተጋጣሚዬ ግማሽ ነጥብ፣ ማለትም አቻ፣ ካገኘ ዋንጫው የእሱ ነው። እኔ በጥቁር ነኝ፤ ያው በርሊኔን፣ የጥቁሩን የበርሊን መከላከያ፣ ይዤ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ክራምኒክ ካስፓሮቭን ያቆመበት ነዋ! ካስፓሮቭ፣ 15 ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ በነጭ ቢገፋ ቢገፋ አንዴም አላሸነፈበትም። እዚያ ንግሥቶቹ በ8ኛው እርምጃ ይበላላሉ፣ ከዚያ ረጅም ትግል ነው። እኔ የምሞትለት እሱን ነው። ውሃዬን፣ ቆሎዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

እሱ ግን በ6ኛው ላይ መንገድ ቀየረ። ፈረሶቼ አለቁ። ንግሥቱን ኢ4 ካሬ ላይ አመጣ፤ ቼክ፣ ንጉሤን አስፈራራ። በንግሥቴ ኢ6 ላይ ጋረድኩ። ዲ4 ተመለሰ። እኔም ዲ6። እንደገና ኢ4፤ ቼክ።

ይቺ ሁለተኛዋ ቼክ ናት ያልወጣችልኝ። ንግሥቱን በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጋት ዓይኑ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦርዱን እንኳ አያይም፣ ሸምድዶት ነው የመጣው! ቆየሁ። የሲ8ን ጳጳስ ብጋርድ ቢ7 ያለው ወታደሬ ይበላል። ሰዓቱ ይቆጥራል። ንግሥቴን ኢ6 መለስኩ። እሱ ዲ4፣ እኔ ዲ6። አቋሙ ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ አቻ። እጁን ዘርግቶ «ጎበዝ ልጅ ነህ፣ በርታ» አለኝ። ልጅ! ጺሜ ሸብቷል እኮ።

የድሮው የእኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይሻል ነበር። መጀመሪያው ወረራ ነው፤ ተራ መጠበቅ የለም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። እስቲ እዚያ ላይ ሸምድደህ ና!

ደግሞ ሰውየው ምን አጠፋ? ግማሽ ነጥብ በቃው፣ ወሰደ። እኔም ብሆን… አይ፣ እንጃ። ከእኔ ይሻላል፣ ቢፈልግ ይጫወተኝ ነበር። ታዲያ ናቀኝ ወይስ ፈራኝ? ፈራኝ ብል ደስ ይለኛል፣ ግን ዓይኑ…

ቆይ። ሌላኛውን ጳጳስ ኢ7 ላይ ባስገባውስ? ቢ7 አይነካም። ንጉሤ ለጊዜው መሃል ይቆያል፣ ግንቡን ኢ1 ያመጣል፣ እኔ ደግሞ…