መሳቢያ ውስጥ የቆየው ግጥም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የምናገረው። የማወራላችሁም ሲከነክነኝ ስለቆየ አንድ ወረቀት ነው።

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የግጥም ምሽት እናዘጋጃለን። ስንጀምር ማንም ሰው ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ ያነብ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። አንድ ምሽት ግን ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ወጣት መድረክ ላይ ወጣና አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠችን አንዲት ሴት በስሟ ጠርቶ የትዳሯን ገመና በግጥም ዘረገፈው። ቤት ይመታል፤ ምጣኔው የተስተካከለ ነው፤ አንዳንዶች ገና ከመጀመሪያው ስንኝ አጨበጨቡለት። ተነሥቼ እስካስቆመው ድረስ ግማሹን አንብቦታል። ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፍልታ አስተናገደችን፤ ስለዚያ ምሽት ግን አንድም ቃል አላነሣችም። ወደ አዳራሹም አልተመለሰችም።

በሳምንቱ ተሰብስበን ደንብ አወጣን። አዲስ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሞች ለመድረክ ከማብቃቱ በፊት ከመካከላችን ለአንዱ ይሰጣል፤ ያ ሰው አይቶ ያሳልፋል። ሦስቱን ከጨረሰ በኋላ እንደማንኛችንም በቀጥታ ያነብባል። አንድ ወጣት አባላችን እጁን አውጥቶ፣ «ይህ ሳንሱር አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀ።

ማንም አልሳቀም። በእኛ አገር ይህ ቃል ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን መጽሐፍ ማሳተም የሚሻ ደራሲ ረቂቁን ለመርማሪ አስገብቶ ይጠብቅ ነበር። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከልክሎታል። እኔ ለልጁ የሰጠሁት መልስ «እኛ እኮ መንግሥት አይደለንም» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ አይደለንም። ግን ያ መልስ ለራሴም አልበቃኝም። ደጅ ላይ የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው ነገር በሩን የያዘው መንግሥት ስላልሆነ ብቻ ይቀላል ወይ?

አሁን ወደ ወረቀቷ ልምጣ። ደንቡ ከወጣ ወራት በኋላ አንዲት ወጣት ግጥም ሰጠችኝ። ተራው የእኔ ነበር። ተቀብያት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሥራ በዛ፤ ጾሙ ገባ፤ ዘመድ ታመመ። ወረቀቱን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው፤ ሁለት ወር አልፎታል። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። አያቷ ምጣድ ሲያሰሱ፣ በእጃቸው የሚያውቁትን ሙቀት ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንዴት እንደሚለዩት የሚናገር ግጥም ነበር። በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ወዲያው ደወልኩላት። ይቅርታ ጠይቄ ግጥሙን ስላደነቅሁት ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝምታዎን መልስ አድርጌ ወሰድኩት። መጻፉንም ተውኩት» አለችኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። አንድም ቃል ሳልናገር ከለከልኳት። ያ ወጣት አባላችን የፈራው ነገር ደረሰ፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን አጎቴን አስታወስኩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረው ነበር። ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እያሉ በየአገሩ ያሉትን የቅኔ ቤቶች ሲያነሡ የዘመድ ስም የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። ቅኔ ቤት ውስጥ ማንም ጀማሪ ያሰበውን ቅኔ በቀጥታ ወደ ማኅሌት ይዞ አይሄድም። በመጀመሪያ የግእዝ ግስ ያጠናል። ከዚያ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ዛፍ ሥር ወይም ዋሻ አጠገብ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቆጠራ የሚባለው ይህ በሐሳብ የማውጣትና የማውረድ ሥራ ነው። ከዚያ መጥቶ ይነግራል። የሚሰማው የኔታ ነው፤ ተማሪው ሲበዛ ደግሞ ጀማሪዎቹን የሚሰማ የበሰለ ተማሪ አለ፤ አስነጋሪ ይባላል። አጎቴ አስነጋሪ ነበሩ።

ስሙን ልብ በሉት። ሥራው የተሰየመው በመከልከል ወይም በመመርመር አይደለም፤ ሌላው እንዲናገር በማድረግ ነው። ተማሪው ፊቱ ቁጭ ብሎ ይነግረዋል፤ አስነጋሪው ይሰማል፤ ግሱ ከተበላሸ ወይም ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልገጠመ እዚያው ያርመዋል። «የተማሪ ቅኔ ሳይሰማ አያድርም» ይሉ ነበር አጎቴ። ታማሚ ሆኖ የሚተኛ አስነጋሪ እንኳን ተማሪው አጠገቡ መጥቶ እንዲነግረው ያደርግ እንደነበር አጫውተውኛል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጁ ቀኑን ሙሉ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ ያመጣው ቅኔ ነው፤ እንዴት አሳድርበታለሁ?» አሉኝ።

እግረ መንገዴን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ላንሣ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ፣ ዓይነ ስውር መምህርት ነበሩ። ተማሪው ምን እንደለበሰ፣ ከየት እንደመጣ መልኩን አይተው የሚፈርዱበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ወደ እርሳቸው የሚደርሰው ድምፁና ቅኔው ነው። አዲስ ሰው ሥራውን ይዞ በመጣ ቁጥር እርሳቸው ትዝ ይሉኛል። እኛ ወረቀቱን ከማየታችን በፊት ጫማውን አይተን እንደሆነስ?

ደንቡን አላነሣነውም። ያቺን ሴት በር ላይ ሆና ነጠላዋን ስታስተካክል ላየ ሰው ማንሣት አይቻለውም። ግን አደራረጉን ከሥሩ ቀየርነው። ወረቀት መቀበል ቀረ። አዲሱ ሰው ራሱ መጥቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያነብልናል፤ መልሱንም ከመነሣቱ በፊት ይሰማል። ተረኛው መገናኘት ካልቻለ በሦስት ቀን ውስጥ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ካላስተላለፈ ግጥሙ እንደ አለፈ ይቆጠራል። ከመድረክ የምናስቀረውም የሌላ ሰው ሥራ ሲሆን ወይም የቀረበው ግጥም አንድን ሰው ወይም ወገን የሚያዋርድ ሲሆን ብቻ ነው። ደካማ ግጥም ይለፍ። በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ የመድረኩ ደረጃ ይወርዳል ይላሉ። እኔ ግን ደካማ ግጥም ሰው ፊት ተነቦ፣ ጸሐፊው ራሱ የአዳራሹን ዝምታ ሰምቶ ቢማርበት እመርጣለሁ። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ልጅቷን ሁለት ጊዜ ጋብዣታለሁ። በመጀመሪያው አልመጣችም። ባለፈው ወር መጥታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ አላነበበችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስትወጣ በር ላይ አግኝቻት የአያቷን ጤና ጠየቅኋት። «ደኅና ናቸው፤ አሁንም ይጋግራሉ» አለችኝ። ወረቀቷ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ። የፊታችን ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሁለት አዲስ ሰዎች ሊያነብቡልኝ ይመጣሉ፤ ሻይ አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ።